ከእርማቱ በፊት
ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ከእጅ ከተለየ በኋላ ምን ኃይል ያርፍበታል? የአየሩን ሰበቃ ከናቅነው የመሬት ስበት ብቻ ነው። ብዙዎቹ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ግን የእጁን ግፊት ይጨምሩበታል። ስሕተቱስ ባልከፋ፤ አርስቶትልን የተከተሉ ሊቃውንትም ለዘመናት ተሳስተውበታል። ያሳሰበን ሌላ ነው፦ ከመልሱ ጎን እርግጠኛነታቸውን ከ1 እስከ 5 በሆነ ቁጥር እንዲገልጹ ስንጠይቅ፣ ከተሳሳቱት መካከል 5 የሚጽፉት ጥቂት አይደሉም።

ክሩገርና ደኒንግ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶ ተፈታኞች 12ቱን ብቻ የሚበልጡት ተማሪዎች 62ቱን እንደሚበልጡ ገምተው ነበር። የዚህ ክፍተት ከፊሉ የስሌቱ ባሕርይ የወለደው ነው የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። የክፍላችን ገጠመኝ ግን ችላ የሚባል አይደለም።

ጥፋቱ የእኛም ነው። በቀይ እስክሪብቶ አርመን በመለስነው ወረቀት ላይ ተማሪው የሚፈልገው ማርኩን ነው፤ «የቱ ጋ ተሳሳትሁ? ስለምን እርግጠኛ ሆንሁ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ጊዜም ቦታም አልሰጠነውም። ስለዚህ በየፈተናው ከመልሱ ጎን የእርግጠኛነት ቁጥር፣ ከእርማቱም በኋላ ተማሪው በራሱ ቃል የሚጽፋት አንዲት መስመር እንድትኖር እንጠይቃለን። ማርክ ግን አይሰጥባት፤ ከተሰጠባት የሚጻፍልን የታሰበው ሳይሆን እኛን ደስ የሚያሰኘን ይሆናል።