የጓሮ አትክልት፤ ስለ ደወል አበባ አተካከልና አያያዝ

በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል። «ባለፈው ሰኔ ከትንሿ ልጄ ጋር የካንተርበሪ ደወል የሚባለውን አበባ ዘር ዘርተን ነበር። በቅሎ ቅጠሉ አማረ፤ አበባ ግን እስከ ዛሬ አላየንም። ጎረቤቴ ‹ከንቱ ነውና ነቅለሽ ጣይው› አሉኝ። ልጄ ግን ‹አበባው ይመጣል› እያለች ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?»

እኅታችን ሆይ፤ አይንቀሉት! እውነቱ ከልጅዎ ጋር ነው።

ይህ የአበባ ወገን በላቲን ካምፓኑላ ይባላል፤ ትርጓሜውም «ትንሽ ደወል» ማለት ነው። ዓይነቱ ከ400 በላይ ሲሆን፥ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ከተተከሉ ለብዙ ዓመት የሚኖሩ ናቸው። የእርስዎ አበባ ግን ከእነዚህ ይለያል። የጥንት አገሩ ኢጣልያና ደቡብ ፈረንሳይ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙንም ያገኘው በ1170 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በካንተርበሪ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገደሉትን የሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬትን መቃብር ለመሳለም የሚጓዙ ሰዎች በፈረሶቻቸው ላይ ያንጠለጥሉት ከነበረው ደወል ነው ይባላል።

የዚህ ተክል ዕድሜ ሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሥሩን ያደላድላል፤ ቅጠሉንም በመሬት ላይ ክብ አድርጎ ያነጥፋል እንጂ አያብብም። ከዚያም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የአውሮፓ ብርድ ሊያልፍበት ይገባል፤ ወደ ማበብ የሚመራው ይኸው ብርድ ነውና። ብርድ በሌለበት ስፍራ ቅጠል ብቻ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል፥ በሞቃት አገር ያላችሁ አንባብያን ይህን አስቡበት። በሁለተኛው ዓመት፥ በግንቦትና በሰኔ፥ ግንዱ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሰማያዊ፥ ሐምራዊ፥ ሮዝ ወይም ነጭ ደወሎችን ይሸከማል። ከዓይነቱም አንዱ ልክ ስኒ በማስቀመጫው ላይ እንደ ተቀመጠ ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ አሁን በመስከረም፥ መሬቱ ገና ሳይቀዘቅዝ፥ ችግኞቹን ከነአፈራቸው አንሥተው ፀሐይ ወደሚያገኙበት መደብ ያዛውሯቸው፤ በመካከላቸውም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። ውኃ ከሚቋጥር መሬት ይጠንቀቁ፤ እርጥበቱ ሥሩን ያበሰብሰዋልና። አፈሩ ከባድ ሸክላ ከሆነ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ይቀላቅሉበት። ቀንድ አውጣም ለጋውን ቅጠል ስለሚበላ፥ ማታ ማታ በመብራት እየፈለጉ መልቀም ይገባል። ግንዱ ሲረዝም ነፋስ እንዳይሰብረው በእንጨት ደግፈው በለስላሳ ክር ይሰሩት። የጠወለገውን አበባ ቶሎ ቶሎ ቢቀነጥሱለት እንደ ገና ሊያብብ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለልጅዎ ዛሬውኑ ሊነግሯት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ ተክል አብቦ ዘሩን ከሰጠ በኋላ ይሞታል። አስቀድማ ካላወቀች፥ ይህን ያህል ጠብቃ ያገኘችው አበባ ሲደርቅባት ከአሁኑ ይልቅ ታዝናለች። ስለዚህ ከአበቦቹ ጥቂቱን ሳይቀነጥሱ ይተዉላት፤ የዘሩ ቋት ደርቆ ቡናማ ሲሆን በገዛ እጇ በወረቀት ትሰብስበው። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነና ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይመለስበትም፤ በእርጥብ አፈር ላይ ነስንሶ በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል።

በሚመጣው ሰኔም፥ የመጀመሪያዎቹ በሚያብቡበት ወቅት፥ ሌላ ዘር መዝራትን አይርሱ። እንዲህ በየዓመቱ ከተዘራ፥ አንዱ ሲያብብ ሌላው ቅጠል ሆኖ ተራውን ይጠብቃል፤ ጓሮውም ያለ ደወል አይቀርም።

አበባው በፈነዳ ዕለት ጎረቤትዎን ቡና ይጥሯቸው፤ ደወሎቹንም ልጅዎ ራሷ ታሳያቸው።