ህመሙ ካለበት ቦታ ላይ

እናቴን ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ሌሊት ሌሊት እግሯን ያቃጥላታል፤ ፍም የረገጠች ያህል። ክኒኑ ቃጠሎውን ያበርድላታል፤ ግን እሷንም አብሮ ያፈዛታል። ጠዋት ቡና አቀራርባ ጀበናው ሳይፈላ እንቅልፍ ይጥላታል። የታመሙት የእግሯ ነርቮች ናቸው፤ መድኃኒቱ ግን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ይዞራል። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲና የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋወቁትን፣ መድኃኒትን በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ለመልቀቅ የሚያስችለውን አዮን ፓምፕ በጉጉት የምከታተለው ለዚህ ነው። ፓምፕ ይባል እንጂ ውሃ አይገፋም። ዋናው አካሉ ኔጌቲቭ ቻርጅ የታሰረበት ቀጭን የፕላስቲክ ቦይ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች የሚለኩት በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ስለዚህ ፖዘቲቭ አዮኖችን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን የመድኃኒት ቅንጣቶች፣ ያሳልፋሉ፣ ኔጌቲቮቹን ይመልሳሉ። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ አዮኖቹ ይጓዛሉ፤ ሲጠፋ ጉዞው ከሞላ ጎደል ይገታል። ፈሳሹ ካለበት ስለማይንቀሳቀስ ስስ ህዋሳትን የሚጫን ግፊት የለም። ከሁሉ የገረመኝ ልኩ ነው፦ በሽቦው አንድ ኤሌክትሮን ሲያልፍ በቦዩ በግምት አንድ ባለ ነጠላ ቻርጅ አዮን ያልፋል። ኤሌክትሪኩን የለካ መድኃኒቱን ቆጠረ ማለት ነው።

ህዋሶቻችን ይህን ጥበብ ከጥንት ያውቁታል። የፖታሲየም በራቸው ከፖታሲየም የሚያንሰውን ሶዲየም እንኳ ለይቶ ይመልሳል። የዚህን በር ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳየው ሮደሪክ ማኪነን በ2003 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የሰው እጅ የሠራው ቦይ ገና እዚያ አልደረሰም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የስዊድኖቹ ቡድን መሣሪያውን ነርቫቸው በተጎዳ አይጦች ህብለ ሰረሰር ላይ ተከለ። ሰውነት ራሱ የህመምን መልእክት የሚያረግብበትን ጋባ የተባለ ንጥረ ነገር በአራት ነጥቦች ለቀቀ። አይጦቹ ለህመም የነበራቸው ስሜት ረገበ።

ለሰው እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። ቻርጅ የሌለው መድኃኒት በዚህ ቦይ አይሄድም፤ ትላልቅ ሞለኪውሎችም ይቸገራሉ። ቢሆንም የነርቭ ህመምን «ቻይው» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ዓመታት ሰጥተው የደከሙበትን ሰዎች ከልቤ አከብራለሁ።

ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣ «አይጦቹስ እንደ እኔ ይፈዙ ነበር ልጄ?» አለችኝ።

«ነቅተው፣ እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሱ ነበር እማዬ» አልኳት።