ዲስኩን ገና አትጣሉት

«ዲስክ ጊዜው አልፎበታል፣ ዳውንሎድ ነው» የሚሉኝ ልጆች አብዛኞቹ አዲስ አበባ ዋይፋይ ስር የተቀመጡ ናቸው። እስቲ በየዳ ሆናችሁ አስቡት። አንድ አዲስ ጌም 50 ጊጋባይት፣ ሲከፋም 100 ይጠይቃል። በሞባይል ዳታ ይሄን ማውረድ ማለት ጌሙን ሁለቴ መግዛት ነው። ዳታው ቢገዛስ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። ደባርቅም ሆነ ዳባት በሞባይል ዳታ ብቻ ለሚኖር ሰው የቀረለት ቀድሞ የጫነው ነበር።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ባለቤትነቱ ነው። ዲስክ ይሸጣል፣ ይዋሳል፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ በየጨዋታው ብር እየለቀመ ዋጋውን ይመልሳል። የወረደው ጌም አካውንታችሁ ላይ ታስሮ ይቀራል። ዩቢሶፍት በፈረንጆቹ 2024 የ«ዘ ክሩ»ን ሰርቨር ሲዘጋ ከፍለው የገዙትም መጫወት አቆሙ። እውነት ለመናገር እዚያ ላይ ዲስክ የነበራቸውንም አላዳናቸውም፤ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት አይሠራማ!

እና ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «ኔት ባይኖር ይከፈታል?» በሉት። ካልተከፈተ፣ ዲስክም ይሁን ዳውንሎድ፣ እኔ ብሬን አላወጣም። ከተከፈተ ግን ዲስኩን ነው የምወስደው፣ ጭረት ቢኖረውም።