ማስረጃ ያልተጠየቀበት ጦርነት

«ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኛ ያደግነው የመንግሥት ራዲዮ በግማሽ ጆሮ በሚሰማበት አገር ነው። ማርሹ ሲበዛና ፉከራው ሲደጋገም እናቶቻችን ዜናውን ሳይጠብቁ ልጆቻቸውን መደበቅ ይጀምሩ ነበር። እዚህ አገር ስንገባ ግን ያንን ጥርጣሬ ከአሮጌው ሻንጣ ጋር የጣልነው ብዙዎች ነን። ነፃ ጋዜጣ ባለበት፣ ምክር ቤቱ በሚከራከርበት፣ ዳኛ መንግሥትን በሚጠይቅበት አገር ሕዝብ ተታልሎ ወደ ጦርነት አይገባም ብለን ነበር። በ2003 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የተጀመረው የኢራቅ ጦርነት ግን ሌላ ነገር አስተማረን።

ውድ አንባብያን፣ ከእኛ መካከል ጥገኝነት ጠይቆ የገባ ሰው የኢንተርቪውን ቀን አይረሳም። እኔ የታሰርኩት በየካቲት መጨረሻ ነበር። ማመልከቻዬን የተረጎመልኝ ሰው «ፌብሩዋሪ» ብሎ ጻፈው፤ እኔ ደግሞ በቃል ስጠየቅ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አስልቼ «ማርች» አልኩ። መርማሪዋ ብዕሯን አስቀምጣ «ከሁለቱ የትኛውን ልመን?» አለችኝ። በዚያች በአንዲት ወር ልዩነት ኬዜ ወደ ዳኛ ተላለፈ፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተጉላላሁ። ቢያንገበግበኝም፣ ማጣራት ያለበት መንግሥት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 አንድ ኢራቃዊ ጀርመን ገብቶ እንደ እኛው ጥገኝነት ጠየቀ። የኬሚካል መሐንዲስ ነኝ፣ የሳዳም መንግሥት የበሽታ መሣሪያ በሚያመርቱ ተንቀሳቃሽ መኪናዎች ላይ ሠርቻለሁ አለ። ጀርመኖች ቃሉን ተቀብለው ለአሜሪካ የስለላ ሰዎች አስተላለፉ። «ከርቭቦል» የሚል የምሥጢር ስም ወጣለት። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ፊት ተቀምጠው የእነዚያን መኪናዎች ሥዕል ለዓለም ሲያሳዩ፣ ዋናው ምስክራቸው ይኸው ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የማዕከላዊ ስለላ ድርጅት መርማሪዎች ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አስቀምጠው አልጠየቁትም። ዕድሉን ያገኙት ጦርነቱ ከተጀመረ ዓመት ሆኖት፣ በ2004 ነው። በ2011 ሰውየው ራሱ ታሪኩን ፈጥሬ ነው የተናገርኩት ብሎ በአደባባይ አመነ። ፓወልም ያ ንግግር በታሪካቸው ላይ የቀረ ጠባሳ መሆኑን በ2005 ተናግረዋል።

እስቲ ፍረዱ! ለእኔ መኖሪያ ፈቃድ በየካቲትና በማርች መካከል ያለው ልዩነት ሲመረመር፣ ለጦርነት ግን ያልተመረመረ የስደተኛ ቃል በቂ ሆነ።

ብዙ ሰው የጦርነት ውሸት ሲባል ከባዶ የተፈጠረ ወሬ ብቻ ይመስለዋል። የ2002ን ሰነዶች ያየ ግን ከዚህ የረቀቀ ነገር ያገኛል፤ ጥርጣሬን ከወረቀቱ ላይ መንቀል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «ነው» በማለትና «ሳይሆን አይቀርም» በማለት መካከል ያለውን ርቀት እናውቃለን። በኦክቶበር 2002 የስለላ መሥሪያ ቤቶች ያዘጋጁት የምሥጢር ሰነድ ተቃውሞና ጥርጣሬ ነበረበት። ኢራቅ የገዛቻቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለአቶሚክ ቦምብ ናቸው ሲባል፣ ስለዚህ ሥራ ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት የኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ለዚያ እንዳልሆኑ ጽፈው ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የመረጃ ክፍልም ኢራቅ የአቶሚክ ፕሮግራሟን እንደገና ጀምራለች የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላየሁም ብሎ ነበር። በዚያው ወር ለሕዝብ በወጣው አጭር ጽሑፍ ግን «እንገምታለን» የሚሉት ቃላት ከብዙ ዓረፍተ ነገሮች ወጡ። ይህን ያረጋገጠው በ2004 የአሜሪካ ሴኔት የመረጃ ኮሚቴ ራሱ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዲክ ቼኒማ ከዚያ በፊት በኦገስት ወር «ጥርጥር የለውም» ብለው ጨርሰውት ነበር። ምክር ቤቱ 296 ለ133፣ ሴኔቱ 77 ለ23 በሆነ ድምፅ ለጦርነት ሥልጣን ሰጠ።

አህጉራችንም በዚህ ውስጥ ስሟ ተነሥቷል። ፕሬዚዳንት ቡሽ በጃንዋሪ 2003 ንግግራቸው ሳዳም ከአፍሪካ ዩራኒየም ለመግዛት መሞከሩን የእንግሊዝ መንግሥት ደርሶበታል አሉ። ነገሩ ከኒጀር ጋር የተያያዘ ነበር። ተዋዋሉበት የተባሉት ወረቀቶች በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኤጀንሲ ሲመረመሩ ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ። ከ10 ዓመት በፊት ከሥልጣን የወረደ ሚኒስትር የፈረመበት ደብዳቤ ሁሉ ነበረበት! የኤጀንሲው ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ ይህን ለፀጥታው ምክር ቤት የገለጹት ማርች 7 ቀን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባግዳድ ላይ ቦምብ ይዘንብ ነበር።

«ሳዳም እኮ ጨካኝ ነበር፤ በ1988 ሐላብጃ ላይ የገዛ አገሩን ሰዎች በጋዝ ፈጅቷል» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ትናንት ጨካኝ መሆኑ ዛሬ መሣሪያውን መታጠቁን አያረጋግጥም። ለማረጋገጥ የተላኩት በሐንስ ብሊክስ የሚመሩ መርማሪዎች ከኖቬምበር 2002 ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ ተጨማሪ ወራት ስጡን ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። በ2004 አሜሪካ ራሷ ያሰማራቻቸው ባለሙያዎች ባወጡት ሪፖርት፣ ኢራቅ የመርዝ መሣሪያ ክምችቷን በ1991 እንዳጠፋች ደመደሙ። በዚያ ጦርነት ወደ 4,500 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮችና ከመቶ ሺህ በላይ ሰላማዊ ኢራቃውያን አልቀዋል።

ይህ ለእኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። ዲሴምበር 1934 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ተኩስ ሲከፈት፣ በሰው አገር የሰፈረችው ኢጣሊያ ተበደልኩ ብላ ካሣና ይቅርታ ጠየቀች። በሴፕቴምበር 1935 የግልግል ኮሚሽኑ በወልወሉ ግጭት ማንንም ጥፋተኛ አላደረገም። ሙሶሊኒ ግን መልሱን አልጠበቀውም፤ በቀጣዩ ወር ጦሩ መረብን ተሻገረ። ክሱ ለፍርድ የቀረበ አልነበረም፤ ለጦርነት ማሟሻ ነበር እንጂ።

ወገኖቼ፣ በ2003 ብዙዎቻችን ዝም ብለናል። አንዳንዱ ዜግነቱ ገና ስለሆነ፣ አንዳንዱ በአነጋገሩ ስደተኛነቱ እንዳይታወቅበት ፈርቶ፣ አንዳንዱም «ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ» ብሎ። ዛሬ ደግሞ ስለ አገር ቤት በየጊዜው የጦርነት ወሬ በስልካችን ይመጣል። የራሳችን ወገን ያወራው እንደሆነ ሳናጣራ እናስተላልፈዋለን፤ ገንዘብም እናዋጣበታለን።

የምለው አንድ ነገር ነው። ማንኛውም መንግሥት፣ ማንኛውም ወገን «ጦር ይሻላል» ብሎ ሲመጣ፣ መርማሪዋ እኔን የጠየቀችኝን እንጠይቀው። ማን አየ? መቼ? ሁለተኛ ምስክር አለ? ቃሉ ከትናንቱ ጋር ይገጥማል? «ምናልባት» የምትለዋ ቃል የት ገባች? ለአንድ ሰው ወረቀት የሚጠየቅ ማስረጃ ለሺዎች ሞት መጠየቁ ይበዛበታል?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኢራቁም እያደር ጠራ። እስኪጠራ ድረስ የሞተው ግን አይነሣም።