ስለ ጉና ወንዞች ዓሣና በመንጠቆ ስለሚገኝ ዕረፍት

በየወረዳው የተሾመ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው አቤቱታ ሲሰማ፥ የወሰን ክርክር ሲያይ፥ የማዳበሪያ ዕዳ ሲቆጣጠር ይሰነብትና ቅዳሜ ሲደርስ አካሉ ከቢሮው ቢወጣም አሳቡ ከመዝገቡ አይለይም። ለእንዲህ ያለው ድካም ከመጠጥ ቤት የሚሻል መድኃኒት አለ፤ ይኸውም ወደ ወንዝ ወርዶ መንጠቆ መጣል ነው። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ዓይኑን ከውሃው፥ ጣቱን ከሲባጎው ማንሣት አይሆንለትምና ስለ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አያገኝም። በኢትዮጵያ ደጋ አደን የመኳንንት ጨዋታ ሆኖ ሲከበር ዓሣ ማጥመድ ግን የድሃ ሥራ ተብሎ መናቁ ያለ ምክንያት ነው፤ በሌላው ዓለም ዳኛውም ሐኪሙም የጦር አለቃውም ዘንግ ይዞ በወንዝ ዳር ሲቆም አያፍርም።

ለዚህ ጨዋታ በዓለም ሁሉ ስሙ የተነሣው ዓሣ ትራውት የሚባለው ነው። ትራውት ብርድ ያለበትን፥ የጠራውን፥ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚዘለውን ውሃ ይወዳል። በ1960ዎቹ ዓመታት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በዌብ፥ በዳንካና በሻያ ወንዞች ተጥሎ ተራብቷል፤ ከላባ በተሠራ ዝንብ እያታለሉ ሊያጠምዱት ከሩቅ የሚመጡም ሰዎች አሉ። እንግዲህ ባሌን ያየ ሰው ወደ ደብረ ታቦር ተመልሶ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጉናን፥ ከሥሩም የሚፈልቁትን ምንጮች ሲመለከት «ይህስ ለምን በዚህ አይሆንም?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አሳቡ ያማረ ቢመስልም መከልከል የሚገባው ነው።

የባሌ ወንዞች ከጣና ጋር አይገናኙም፤ ጉማራና ርብ ግን ከጉና ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው በቀጥታ ጣና ይገባሉ። በጣና ውስጥ ደግሞ ዐዋቂዎች ላቤዮባርበስ፥ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን አለ፤ ከዚህም ወገን 15 ያህል ዓይነቶች ከጣና በቀር በምድር ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቷቸው ለብቻቸው ኖረው እያንዳንዱ የራሱን አፍና የራሱን አመጋገብ ይዟል፤ አንዱ ከጭቃ ትል ይለቅማል፥ ሌላው ዓሣ ያሳድዳል። በፊሊፒንስ አገር በላናዎ ሐይቅ ይህን የመሰለ ወገን ነበረ፤ ከውጭ የገባ ዓሣና ያለ ልክ ማጥመድ አንድ ላይ ሆነው አጠፉት። ትራውትም ራሱ በኒውዚላንድና በደቡብ አፍሪካ ወንዞች የሀገሩን ትንንሽ ዓሣ እየበላ ከብዙ ስፍራ አስለቅቋል።

ትራውት የጣናን ሙቀት አይችልም፥ በላይኛው ጅረት ብቻ ይቀራል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በላይኛውም ጅረት በድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የሀገር ዓሦች አሉ። ደግሞም የፋርጣን ጅረት በሚያዝያ ያየ ሰው መልሱን ራሱ ያገኘዋል፤ ውሃው አንሶ በየጉድጓዱ ይቆማል፥ ይሞቃል። በሐምሌ ደግሞ ከታረሰው ገደል በወረደው አፈር ቀልቶ ይወርዳል። ትራውት እንቁላሉን በንጹሕ ጠጠር ውስጥ ይቀብራል፤ ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ትራውት የሚሻ ሹም አስቀድሞ የጉናን ተዳፋት በእርከንና በሣር ማዳን ግድ ይሆንበታል። ያን ከፈጸመ ግን የውጭ ዓሣ አያስፈልገውም፤ ነጭ ዓሣም የሚፈልገው ይህንኑ ንጹሕ ጠጠር ነውና።

የነጭ ዓሣ ነገር ሊሰማ የሚገባው ነው። ክረምቱ ሲበረታ ከዓይነቶቹ ብዙዎቹ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራና በርብ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጎርፉን ተከትለው ወደ ላይ እየወጡ ጠጠር ባለበት ጠራ ባለው ገባር ይራባሉ። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች ቡሄ ሲጨፍሩ፥ ከታች በቆላው ዓሣው ወደ ላይ እየወጣ ነው። ይህን ቀን ግን አጥማጁም ያውቀዋል። በወንዙ አፍ መረብ ይዘረጋል፤ ከፍ ብሎም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ ይጨምርና ትልቁንም ትንሹንም ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቅመዋል። የሞተርና የዘመናዊ መረብ አጠማመድ በጣና ከተስፋፋ ወዲህ፥ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. በነበረው ዘመን የነጭ ዓሣ ብዛት ከአራት ሦስት እጅ ያህል እንደ ጎደለ በጥናት ታውቋል። ከዚህ ላይ አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ሆድ እየተዛቀ ለሕንፃ ይጫናል፤ በበጋ የሽንኩርትና የቲማቲም ፓምፕ ርብን እስከ መድረቅ ያደርሰዋል፤ በርብ ላይ የተሠራውንም ግድብ ዓሣ ሊዘለው አይችልም። ስለዚህ ያለ ግድብ የቀረው ጉማራ እንደ ዓይን ብሌን ሊጠበቅ ይገባዋል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለው ሕግ ሳይሆን ሕጉን በወንዝ ዳር የሚያቆም ሰው ነው። ብርብራ ሲወቀጥ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የቀበሌ ሹም ከወቃጩ የሚያንስ በደል የለበትም። በሐምሌ፥ በነሐሴና በመስከረም የጉማራ አፍና ገባሮቹ ከመረብ ነፃ ቢሆኑ፥ ጠጠር የሚዛቅበትም ስፍራ ዓሣ ከሚራባበት ተለይቶ ቢወሰን ብዙ ነገር ይድናል። በወንዝ ዳር እርሻ ያለው ሰው ደግሞ ማረሻውን ከዳርቻው ጥቂት ርምጃ አርቆ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ቢተው፥ መሬቱም በጎርፍ ከመበላት ይተርፍለታል፤ ይህ ለዓሣው ብሎ የሚከፍለው ግብር አይደለም።

አስቸጋሪው ነገር የድሃው አጥማጅ ጉዳይ ነው። ያ ሰው በሦስቱ ወራት የሚያገኘውን ገንዘብ አጥቶ ልጆቹን በምን ይመግባል? በእነዚያ ወራት የእርከንና የችግኝ ሥራ ሲከፈት አስቀድሞ እርሱ ቢጠራ፥ በበጋም መንጠቆ ይዞ ለሚመጣው እንግዳ መሪና ታንኳ ቀዛፊ ሆኖ ደመወዝ ቢቀበል ክልከላውን ይታገሠዋል። ያለዚያ በሌሊት መረቡን ይጥላል፤ ዘበኛውም ዘመዱ ነው።

ዕረፍት የሚሻው ሹም እንግዲህ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቢወርድ፥ ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሲጠራ በጣና ዳር ከአንድ ክንድ የሚበልጥ ነጭ ዓሣ በመንጠቆ ሊገጥመው ይችላል፤ ይህም ዓሣ በጉልበት ከትራውት አያንስም። ለምሳ የሚበቃውን ይዞ የቀረውን ቢለቅ መልካም ነው። ነገር ግን በነሐሴ ለድሃው መረብ ከልክሎ ራሱ በመኪና መጥቶ በጉማራ ድልድይ ሥር ዘንግ ይዞ ቢታይ፥ ክልከላው በዚያው ቀን ፈረሰ።