አውሮፕላንን የሚያነሣው ምንድን ነው?



ባለፈው ተርም ስለ አውሮፕላን ክንፍ ያስተማርኳችሁ ትክክል አልነበረም። «የክንፉ ጀርባ ጎበጥ ያለ ስለሆነ በላይ የሚያልፈው አየር መንገዱ ይረዝማል፤ ከታች ከሚያልፈው ጓደኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል፤ ስለዚህ የላዩ ግፊት ይቀንሳል» ብዬ ከጥቁር ሰሌዳ አስገልብጫችኋለሁ። እኔም ዩኒቨርሲቲውን ከማቋረጤ በፊት እንዲሁ ገልብጬ የተማርኩት ነው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ግን «የወረቀት አውሮፕላን ክንፉ ዝርግ ነው፤ ታዲያ እንዴት ይበራል?» አለችኝ። መልስ ስላጣሁ «ተቀመጪ!» አልኳት።

ልክ እሷ ነበረች። ሁለቱ አየሮች እኩል እንዲደርሱ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም፤ በሙከራ ሲታይም የላይኛው ቀድሞ ይደርሳል። ደግሞስ በትርኢት ላይ ተገልብጠው የሚበሩትን አውሮፕላኖች ምን እንበላቸው?

እዚህ ሄሉ ነፋስ ሲነሣ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን ያዙና በነፋሱ በኩል ያለውን ጠርዝ ትንሽ ቀና አድርጉት። እጃችሁን ወደ ላይ ሲገፋው ይሰማችኋል። ክንፍም አየሩን ወደ ታች ያዞረዋል፤ በሦስተኛው የኒውተን ሕግ መሠረት አየሩ በአጸፋው ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከክንፉ በላይ ያለው ግፊት ማነሱ እውነት ነው፤ ሐሰቱ እኔ የሰጠሁት ምክንያት ነው። ጉብታውም የሚጠቅመው አየሩ ከክንፉ ጀርባ ሳይላቀቅ ተጠማዝዞ እንዲወርድ ነው። ክንፉ ከልክ በላይ ቀና ካለ ግን አየሩ ይላቀቅና የማንሣት ኃይሉ ይደክማል።

አዲስ አበባን ተመልከቱ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። እዚያ ያለው አየር ከሞምባሳው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ወደ ታች የሚገፋ አየር ሲያንስ፣ አውሮፕላኑ ያንኑ ጭነት ለማንሣት ይበልጥ መፍጠን፣ ለመፍጠንም ረዥም መንገድ መንደርደር አለበት። ማኮብኮቢያው ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ፈተና ላይ የድሮው መልስ ቢመጣስ?» የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥጋታችሁ ይገባኛል፤ ስደት ላይ ላለ ልጅ አንድ ማርክ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ልጃችሁ ሐሰቱን ከሚሸመድድ ሁለቱንም ዐውቆ የትኛው ለምን ስሕተት እንደሆነ ቢያስረዳ እመርጣለሁ። እኔ በማርመው ፈተና ማርክ የሚያሰጠው እውነተኛው ነው። መምህሩን ጠየቀ ብላችሁም አትቆጡት።

ሰኞ ያቺ ተማሪ ወረቀቷን ይዛ ፊት ትወጣለች። እኔ ከእናንተ ጋር አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ።