ቅባት ነው ብለን የናቅነው መድኃኒት

በመቐለ የስቅለት ስግደት ባለቀ ማግስት ጭኑን ሳይዝ ደረጃ የሚወርድ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ነሐሴ ላይ ደግሞ አሸንዳ ሲጨፍሩ የሰነበቱ ልጃገረዶች ቁርጭምጭሚት ተራውን ይይዛል። ድንጋይ ሲጠርብ የዋለው ግንበኛ ወገቡን፣ የኲሓን ዳገት በብስክሌት የወጣው ወጣት ጉልበቱን ያሻል። ሁሉም መጨረሻቸው ፋርማሲ ነው፤ የሚጠይቁትም አንድ ነገር ነው፦ «የሚቀባ ዲክሎ አለ?»

ለምን ክኒኑን እንዳልመረጡ ብትጠይቋቸው መልሱ ያው ነው፦ ክኒን ጨጓራ ይልጣል፣ ቅባት ግን ምን ያደርጋል? የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። የምጣላው ከሌላው ግማሽ ጋር ነው።

ከእውነቱ ልጀምር። ዲክሎፌናክ በጄል መልክ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው መጠን በክኒን ከሚገባው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠራው እዚያው የታመመው ቦታ ላይ ስለሆነ ጨጓራም ኩላሊትም በእጅጉ ይተርፋሉ። ለጉልበትና ለእጅ መጋጠሚያ ሕመም በብዙ አገር ሐኪሞች ከክኒን በፊት ጄሉን የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ፣ ወለምታ ከደረሰባቸውና የዲክሎፌናክ ጄል ከተቀቡ 10 ሰዎች 8 ያህሉ በሳምንት ውስጥ ጥሩ እፎይታ አግኝተዋል። መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ቅባት ከተቀቡት ግን 2ቱ ብቻ ናቸው። ለቆየ የጉልበት ሕመም ውጤቱ እንዲህ አያስደንቅም፤ ከ10 ሰው 6 ለ5 ነው። ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱ ለዞረበት ልጅ ጄሉ ትልቅ ነገር ነው። ለ20 ዓመት ሲቆረጥማቸው ለኖሩት እናት ደግሞ ትንሽ ያግዛቸው ይሆናል እንጂ ተአምር አይሠራም። ዳሌ ውስጥ ለሚሰማ ሕመምማ መጋጠሚያው ጥልቅ ስለሆነ መድኃኒቱ እዚያ መድረሱም ያጠራጥራል።

አሁን ወደ ጠቡ። 6 በመቶ ዜሮ አይደለም። ኩላሊቱ የደከመ፣ ጨጓራው ቆስሎ የሚያውቅ፣ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ፣ አስፕሪን ሲውጥ አስሙ የሚነሳበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ጄሉን መቀባት የለበትም። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ድርቡ ነው። ጠዋት ጄል ይቀባል፣ ከሰዓት በኋላ «አልተሻለኝም» ብሎ የዲክሎፌናክ ክኒን ይውጣል፣ ማታ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። በሦስት በር የገባው መድኃኒት አንድ ነው። ይህ ሰው ለደም ግፊቱ ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ክኒኑና መርፌው ሲታከሉበት ኩላሊቱን ክፉኛ ሊጎዱት ይችላሉ።

የመቐለ ፀሐይም የራሷ ጉዳይ አላት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ቆዳን የምታቃጥለው ከቆላው ይልቅ በርትታ ነው። ኬቶፕሮፌን የተባለው ጄል የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ካገኘው እስከ መቁሰል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ደመናማ ቀንም ቢሆን ቦታው በልብስ ይሸፈናል፤ ጥንቃቄው መቀባቱ ከቆመ በኋላም ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ዲክሎፌናክ የተቀባንበትንም ቦታ ለፀሐይ አለማጋለጥ ነው የሚሻለው።

ሌላው ክፉ ልማድ ተቀብቶ በፌስታል መጠቅለል፣ ከላዩም ሙቅ ውኃ ማስደገፍ ነው። ሙቀትና ጥብቅ ማሰሪያ መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ ወደ ሰውነት እንዲዘልቅ ያደርጋሉ። የሚያቃጥሉት ቅባቶች፣ ማለትም ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት ያለባቸው፣ ሳይጠቀለሉም ቆዳ ሊያቆስሉ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ስለዚህ አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት የ17 ዓመት ሯጭ ሰውነቷ ውስጥ በተከማቸ ሜቲል ሳሊሲሌት ሞታለች። የዚህ ንጥረ ነገር ንጹሕ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ሲጠጣ 7 ግራም አስፕሪን እንደ መዋጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ልጅ እጁ የሚደርስበት ቦታ አይቀመጥም።

እዚህ ከተማ ለመጠንቀቅ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት መድኃኒት ጠፍቶ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ጊዜው ያለፈበትን ሳይቀር ለመጠቀም ተገድደው ነበር። ያኔ ግማሽ ቲዩብ ማስቀመጥና ለጎረቤት ማካፈል ደግነት ነበር። ዛሬ ግን ከመሳቢያ የወጣው ቲዩብ ቀኑ ያለፈበት፣ ስሙ የተፋቀ፣ ለሌላ ሰው ሕመም የተገዛ ሊሆን ይችላል። የችግር ቀን ብልሃት በደህና ቀን ልማድ ሆኖ መቅረት የለበትም።

አቀባቡ ቀላል ነው። ቆዳው ንጹሕ፣ ቁስልም ሽፍታም የሌለበት ይሁን። ጄሉ በቀስታ ይታሻል፤ እንደ ወጌሻ መደቆስ አያስፈልግም። መጠኑ ማሸጊያው ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ለጉልበት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ እስከ 4 ግራም፣ በቀን እስከ 4 ጊዜ ነው። ከዚያ እጅን መታጠብ ነው። የተቀባው እጅ ራሱ ከሆነ ግን ከመታጠብ በፊት አንድ ሰዓት ይቆይ። በሳምንት ለውጥ ከሌለ ቲዩብ መጨመር ሳይሆን ሐኪም ጋ መሄድ ይሻላል። መጋጠሚያው ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ እግር መርገጥ ካቃተው ወይም ከደነዘዘ፣ አንድ ባት ብቻ ካበጠ ደግሞ ሳምንትም አይጠበቅም።

ለፋርማሲ ባለሙያዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ቲዩቡን ከመስጠታችሁ በፊት «እናቴ፣ ሌላ የሚውጡት መድኃኒት አለ? ኩላሊትዎ ወይም ጨጓራዎ ያምዎታል?» በሏቸው። አንተም አንባቢ፣ ካልጠየቁህ አንተው ንገራቸው፤ የምትወስደውን ሁሉ ሳትደብቅ።